ጥርስ ያለው ዱቄት

«ራዲያተር» የሚል ስም ያወጡልኝ የአባቴ ጓደኞች ናቸው።

አባቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ነበር። ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ሰፈር ስለሚደርስ እሱን ደግሞ «ናፍጣ» ይሉታል። መኪናው ተገልብጦ፣ ሆስፒታል ከርሞ ሲመለስ ግን ያንን ድምፅ እዚያው አልጋው ላይ ረስቶት የመጣ ይመስል ነበር። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ከዚያ በተረፈ ዝም ነው። ጓደኞቹ እሁድ እሁድ እየመጡ ከበው ያጫውቱታል። አንድ እሁድ ከመካከላቸው ጢማሙ ሾፌር ወደ ጓሮ ወጥቶ ሲመለስ፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ቢጫ ቀለበት ያለበት አንሶላ በአገጩ እያመለከተ፣

«ናፍጣ፣ እዚህ ቤት የሚያፈስ መኪና አለ ልበል?» አለ።

እናቴ ብርጭቆ እየሰበሰበች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ልጅቷ ናት» አለች። «ከአባቷ አደጋ ወዲህ ደንግጣ ነው መሰለኝ፣ ሌሊት ያመልጣታል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ እንደ ምድጃ ነደደ።

«አይዞሽ!» አለ ጢማሙ ኪሱን እየዳበሰ። «እኛስ ብትይ? በሚያፈስ ራዲያተር አይደል እንዴ አገር ላገር የምንዞረው! ነይ ውሰጂ፣ ራዲያተር!» ከረሜላ ሰጠኝ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር፤ ክፋት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ስር ጫማውን ይፈልግ ጀመር። ሁለቱም ጫማዎቹ እግሩ ላይ ነበሩ። በእኔ አፍሮ ነው አልኩ በሆዴ። አንበርክኮ እንኳ ቢገርፈኝ ያን ያህል አይሰማኝም ነበር።

የምንኖረው በሁለት ክፍልና በአንድ ጓሮ ነው። እናቴ ለሆቴሎችና ለአንድ ክሊኒክ ነጭ ልብስ ታጥባለች። የፊተኛው ክፍል መተኮሻ፣ የኋለኛው መኝታ፤ ጓሮው ደግሞ ገንዳ፣ የውሃ ማፍያ በርሜልና ገመድ ነው። ከገንዳው ጥግ የበረኪና ጀሪካን አለ። እናቴ ከፈጣሪ ቀጥላ የምታምነው ያንን ጀሪካን ነበር። «በረኪና ያላነጣውን ሞት ያነጣዋል» ትላለች። የክሊኒኩ ጋውን ላይ ያለ ደም፣ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ያለ ወጥ፣ የትራስ ልብስ ላይ ያለ የፀጉር ቅባት፣ ሁሉም አንድ መድኃኒት ነበረው።

የእኔን አንሶላም እንደዚያው ታደርገዋለች። ጎህ ሳይቀድ በቀስታ ትቀሰቅሰኛለች። አትቆጣም። አንሶላውን ጠቅልላ ሳታለቀልቀው እንዳለ ገንዳው ውስጥ ትከተውና በረኪናውን ትገለብጥበታለች። ወዲያው አንድ የሚያንቅ ሽታ ይነሳል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል። እናቴ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና እያሳለች ታሻለች። ከእናቴ ጋር የምታጥበው ሴት፣ ወሬዋ ስለማያልቅ «አረፋ» የምንላት፣ የራሷ ልጆች ፍራሽ እንደሚያበሰብሱ ሁልጊዜ እየሳቀች ታወራለች፤ እሷ ስታወራ እንዲህ ስለሚያስል ሽታ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ያ ሽታ የእኔ ኃጢአት ነው ብዬ ደመደምኩ። የሌላ ልጅ ሽንት ሽንት ነው፤ የእኔ ግን መርዝ ነው።

ዛሬ ያንኑ ሥራ ስሠራ የማንም ሽንት እንደዚያ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አድሮ የከረረ ሽንት አሞኒያ አለው፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ቀድማ በቀዝቃዛ ውሃ ብታለቀልቀው ኖሮ ግማሹ ጣጣ ያልቅላት ነበር። ግን እናቴ አረፋ ሥራ ሳትገባ ሽታውን ለማጥፋት ትቸኩላለች፤ ስትቸኩል የባሰ ሽታ ታስነሳለች። የሚነግራት ሰው አልነበረም። ማንንስ ትጠይቅ?

እኔ በዚያ ወቅት የምተኛው ከአባቴ ጋር ነበር። ድሮ ከእናቴ ጎን ነበርኩ። አባቴ ከሆስፒታል ሲመጣ፣ ጀርባው አይነካካ ተብሎ እናቴ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሌሊት እየባነነ ነው፣ አንቺ ትንሽ ነሽ፣ ብቻውን አይሁን» ብላ እኔን ከግድግዳው በኩል አስተኛችኝ። መሽናት የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ከእናቴ ጋር ስተኛ ለምን እንደማይመጣብኝ አልጠየቅሁም። ልጅ የተነገረውን ያምናል፤ ጠዋት የቀሚሴ ጫፍ እርጥብ ነበርና ማስረጃም ነበረኝ። ጫፉ ብቻ መሆኑን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ያልሞከርኩት የለም። ከምሳ በኋላ ውሃ አልጠጣም። ከመተኛቴ በፊት ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ «አምላኬ፣ ትልቅ ነገር አልለምንህም። ሽንቴን ብቻ ያዝልኝ» እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደርቆ ያድራል። ያኔ ጸሎቴ ደረሰ እላለሁ። እነዚያ ቀኖች አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያደረባቸው ነበሩ። ስነቃ ጀርባውን አየዋለሁ። «ተኛ እንጂ አባዬ» ስለው፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይለኛል። ምን እየጠበቀ እንዳደረ አላውቅም ነበር።

የእናቴ ታላቅ እህት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሌላ ከተማ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ጨርቅ ለመግዛት ስትሄድ በእኛ በኩል አለፈች። ቁጭ ሳትል፣

«ስመለስ ይቺን ልጅ ይዣት እሄዳለሁ» አለች። «ልጆቼ ‹መቼ ነው የምትመጣው› እያሉ ጆሮዬን በሉት።»

ልቤ ዘለለ። የአክስቴ ልጆች ባለ ሁለት ፎቅ አልጋ እንዳላቸው ሰምቻለሁ። ላዩን እንደሚለቁልኝም መልእክት ልከውልኛል።

«አይሆንም፣ እትዬ» አለች እናቴ። «ሌሊት እያመለጣት ነው።»

«ያምልጣት! የእኔ ፍራሽ ስንቱን ችሎ የለ እንዴ?»

«አይ፣ ትሸማቀቃለች። ካልተዋት አትሄድም።»

«አንቺ ደግሞ! ልጅ አይደለች?»

«አይሆንም አልኩ እኮ፣ እትዬ!» እናቴ ታላቅ እህቷ ላይ ድምፅ ስታነሳ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። አክስቴ አየቻት። አባቴም ከአልጋው ላይ ሆኖ አያት፣ ከዚያ ፊቱን አዞረ።

የአክስቴን አንሶላ አበላሻለሁ ብላ የፈራች መሰለኝ። እናቴ የፈራችው ግን ባላበላሸውስ ብላ ነበር። እኔ ሰው ቤት ደርቄ እያደርኩ የእኛ ገመድ ላይ በየጠዋቱ ያ ቀለበት ያለበት አንሶላ ቢሰጣ፣ አረፋ ምን ትላለች? ሾፌሮቹስ?

«እስክትመለሺ ይተወኛል» አልኳት አክስቴን። ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

በነጋታው የሳሙና ወኪሉ መጣ። ሁልጊዜ ናሙና ይዞ ስለሚዞር አረፋ «አቶ ናሙና» ብላዋለች። ያን ቀን ያመጣው ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ዱቄት ነው።

«ይሄ እንደ ሌላው ሳሙና እንዳይመስላችሁ፣ እህቶቼ» አለ። «ኢንዛይም ነው ያለው። ቆሻሻ ይበላል! ደም በሉት፣ ወተት በሉት፣ እንቁላል በሉት፤ ቁጭ ብሎ ይበላል!»

«ጥርስ አለው ልትለኝ ነው?» አለች አረፋ።

«ካንቺ ጥርስ ይበልጣል።»

«ለአፍ ዳገት የለውም!»

አቶ ናሙና አልተበሳጨም። የተቀቀለ እንቁላል አስመጣና ነጩን በትንንሹ ቆራረጠው። ሁለት ጠርሙስ ውስጥ ዱቄቱን በጠበጠ፤ አንዱን ለብ ባለ ውሃ፣ ሌላውን ከበርሜሉ በተቀዳ በሚንተከተክ ውሃ። እንቁላሉን ለሁለቱም አካፍሎ መስኮት ላይ አስቀመጣቸውና፣ «ነገ እመጣለሁ። እንዳትነኩት» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። በሚንተከተከው ውሃ የነበረው እንቁላል እንደተቆረጠ አለ። ለብ ባለው ውስጥ ግን ጠርዙ ሙልጭ ብሎ፣ ስሎ የነበረው ማዕዘን ሁሉ ዶልዱሞ ነበር። ተበልቷል! አፍንጫዬን ጠርሙሱ ላይ አጣብቄ አፋቸውን ፈለግሁ።

«የፈላ ውሃ ኢንዛይሞቹን ይገድላቸዋል» አለ አቶ ናሙና ሲመጣ። «በረኪናም እንደዚያው። የሰው ገላ ያህል ሙቀት ነው የሚወዱት። ጊዜ ስጧቸው፣ ይሠራሉ።»

ሕይወት እንደሌላቸው፣ እንስሳ ሳይሆኑ እንደዚያው እንደ እንቁላሉ ዓይነት ነገር መሆናቸውን፣ ሙቀት እንቁላልን እንደሚያበስል እነሱንም እንደሚያበስላቸው በኋላ ከአንድ አሮጌ የትምህርት መጽሐፍ አነበብኩ። ያን ቀን ግን ዓይን የማያያቸው፣ ጥርስ ያላቸው፣ ሙቀት የሚወዱ ፍጥረቶች ነበሩ።

እናቴ አቶ ናሙናን እስከ በር ሸኘችው። እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሽንትስ?» አለችው። «የልጅ ነው።»

«ሽንት? ለእሱማ ቁርሱ ነው!» አለ።

ዋሽቷል። ያ ዱቄት ከሽንት ጋር ያን ያህል ጉዳይ የለውም። ለመሸጥ የመጣ ሰው አይሆንም አይልም።

እናቴ አንድ ፓኬት ገዝታ በማግስቱ ጠዋት ሞከረችው። ግን እጇ እምቢ አላት። ዱቄቱን ነሰነሰች፣ የፈላ ውሃ ጨመረችበት፣ ከዚያ ለማንኛውም ብላ በረኪናውን ደፋችበት። ሽታው ያው። የቢጫው ቀለበት ያው። «ይሄም ውሸታም ነው» ብላ ፓኬቱን መደርደሪያ ላይ ወረወረችው።

እኔ ቆሜ አየኋት። ገደለቻቸው! ሁለት ጊዜ ገደለቻቸው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን በእኔ ሽንት ጦስ ለምትለፋ እናት ምን ብዬ ልናገር? ይልቅ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። በረኪና የሌለበት፣ የሰው ገላ ያህል የሚሞቅ፣ ጊዜ የሚሰጣቸው ቦታ የት ነው? አልጋ ውስጥ ነዋ!

አክስቴ ትመለሳለች በተባለበት ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ፓኬቱን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ፍራሹ ላይ ከዓመት ዓመት እንደሚሰፋ ኩሬ ተደራርቦ የሰፋ ቀለበት ነበር። መሀል ላይ ነው፣ እንዲያውም ወደ አባቴ በኩል ያጋድላል። እኔ ከግድግዳው ጥግ ነኝ። አረፋ፣ «ልጅ ሲተኛ ይንከባለላል» ብላ ነበር፤ በቂ መልስ ነበር። ዱቄቱን በአንሶላው ላይ፣ ከስሩ ያለውን ቀለበት እየተከተልኩ በወፍራሙ ነሰነስኩት፣ በመዳፌ አስተካከልኩት፣ በላዩ ስስ ጨርቅ ዘረጋሁ። «ብሉ» አልኳቸው በሹክሹክታ። «ሁሉንም ብሉት።» ከዚያ ጸለይኩና ተኛሁ።

የነቃሁት በአባቴ ጩኸት ነው። ጎህ ቀዷል። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጭኑን በሁለት እጁ ይዟል፤ የውስጥ ሱሪው በሳሙና አረፋ ተሞልቷል። እናቴ ገባች፣ አየችው፣ አፏን በእጇ ያዘች። ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ሮጠች። እኔን ወደ ፊተኛው ክፍል ገፍታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

በክፍተቱ አየሁ። አባቴ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ የልብስ መዘፍዘፊያው ሳፋ ውስጥ ቆሟል። እናቴ በጣሳ እየቀዳች ታፈስበታለች። ከወገቡ እስከ ጉልበቱ እንደተገረፈ ቀልቷል። ጥርሱን ነክሷል። በሉት አልኩ። እኔን ስተው አባቴን በሉት!

አክስቴ የገባችው በዚህ መሀል ነው። የማለዳውን አውቶቡስ ይዛ መጥታለች። አረፋም ለሥራ ከኋላዋ ደረሰች። እኔ እያለቀስኩ ለአክስቴ ሁሉንም ዘከዘክሁት፤ ዱቄቱን፣ ቀለበቱን፣ ጥርሱን። አክስቴ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «አንቺንስ? የት አቃጠለሽ?» ብላ ቀሚሴን ገለጠች።

ቆዳዬ ንጹሕ ነበር። በአባቴ በኩል ባለው ዳሌዬ ላይ ብቻ ሁለት ጣት የማትሞላ መቅላት ነበረች። አክስቴ ያቺን አየች፣ በገርባባው በር ወደ ውስጥ አየች፣ ተመልሳ እኔን አየች። ቀሚሴን ቀስ ብላ አወረደችው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ ቤት ያወጣው ሳሙና ነው።

አባቴ ፎጣ አገልድሞ፣ ግድግዳ እየደገፈ በሩ ላይ መጣ። እናቴ ከኋላው፣ «ተው... ግባ፣ ተው» ትላለች። አልሰማትም። ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በድሮው ድምፁ፣

«ልጅቷ አይደለችም» አለ። «ከመጀመሪያውም እሷ አልነበረችም። እኔ ነኝ።»

እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። አባቴ፣ አቃጥዬው እንኳ፣ የእኔን ውርደት ሊሸከምልኝ ነው! በዘመድ ፊት፣ በአረፋ ፊት! ዘልዬ እግሩን አቀፍኩ።

«አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ለእኔ ብሎ ነው! እኔ ነኝ የምሸናው! አባዬ እንዳላፍር ብሎ ነው!»

«ወይኔ ጉዴ!» አለች አረፋ እንባዋን እየጠረገች። «እንዲህ ያለም አባት አለ? ለልጁ ሲል እኮ ነው! እግዜር ይስጥህ የኔ ጌታ!»

አባቴ አፉን ከፈተ። እናቴን አያት። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። አፉን መልሶ ዘጋው። ሳምንት ሳይሞላ አረፋ ወሬውን ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰችው፤ እስኪሞት ድረስ ሰው አባቴን በዚያ ቀን ያነሳው ነበር። ሲያመሰግኑት ጎንበስ ይላል። በትሕትናው ነው ይላሉ። ሸክሙን ከጫንቃው ሊያወርድ አንድ ቀን ጉልበት አግኝቶ ነበር፤ በሁለት ትንንሽ እጆቼ መልሼ የጫንኩበት እኔ ነኝ። ከእናቴ ጋር እስከ ዛሬ አላወራነውም። እሷም አርጅታለች። ጸሎቷ ላይ የእኔን ስም ስታነሳ ድምፅዋ ለምን እንደሚሰበር ግን አውቃለሁ።

«ልጅቷ ዛሬ ከእኔ ጋር ትሄዳለች» አለች አክስቴ። እናቴ አልተከራከረችም።

አክስቴ ቤት ላዩ አልጋ ላይ አንድም ቀን አልራሰም። በየጠዋቱ ሳልነቃ እጄ ይነቃል፤ አንሶላውን ይዳብሳል፤ ደረቅ ነው። በመጨረሻ አመንኩ። እግዚአብሔር ሰምቶኛል። ትምህርት ሲከፈት ወደ ቤት የተመለስኩት ይህን ለአባቴ ለመንገር እየተጣደፍኩ ነው።

መተኮሻው ክፍል ውስጥ ለእኔ አዲስ ጠባብ አልጋ ተዘርግቷል። እሱን እንኳ ሳላይ አልፌው ገባሁ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ይገባል። አባቴ ጋደም ብሏል።

«አባዬ፣ ድኛለሁ! አንድም ቀን አላመለጠኝም!»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ፈዝዞ አየኝና፣ «እንዴት አደረግሽው?» አለኝ።

ዘልዬ አጠገቡ ተቀመጥኩና አስተማርኩት። ከምሳ በኋላ ውሃ መተው ነው። ሳይመጣም ቢሆን ሄዶ መሞከር ነው። ከዚያ መጸለይ ነው፣ ሳያፍሩ። እያንዳንዱን እንደ ተማሪ ከኋላዬ ይደግመው ነበር።

«ሳያፍሩ» አለ። «እሺ፣ ካልተወኝስ?»

የሚጫወት መስሎኝ፣ እኔን ሆኖ የሚጫወት መስሎኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጉንጩን ዳበስኩት።

«ታዲያ እማዬ አለች አይደል?» አልኩት። «እሷ ለማንም አትናገርም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀ መሰለኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።